ዝቃጩ የጠፋበት ገንዳ

በዚያ ፋብሪካ ግቢ ከሥራ አስኪያጁ ቀጥሎ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ቢኖር ባለጠርሙሱ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የሚኮራው በመኪናው ነው፤ ባለጠርሙሱ የሚኮራው በእጣቢ ነው። ሁለቱም ደህና ይወለወላሉ።

ፋብሪካው ለቧንቧ እጀታ፣ ለበር መክፈቻ፣ ለፎጣ መስቀያ ኒኬል ያለብሳል። ባጭሩ፣ ውስጡን ዝገት ሊበላው የቆረጠ ርካሽ ብረት ላዩን መስታወት አስመስሎ ለገበያ ማውጣት ነው። ይህ ሙያ ከፋብሪካው አጥር ውጭም ሞልቷል፤ እዚያ ግን ሹመት ይሉታል እንጂ ቅብ አይሉትም። ዕቃው ከገንዳ ወደ ገንዳ እየተነከረ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ይታጠባል። እጣቢው በሲሚንቶ ቦይ ተንደርድሮ ወደ ግቢው ጀርባ ይወርዳል። የባለጠርሙሱ መንግሥት እዚያ ይጀምራል።

መንግሥቱ ሰፊ አልነበረም። አንድ ትልቅ ገንዳ፣ የኖራ ከረጢት ክምር፣ መደገፊያው የተነቀለ ወንበር፣ አቧራ የጠገበ መስኮትና በመስኮቱ ደፍ ላይ አፈ ሰፊ ጠርሙስ። እጣቢው አረንጓዴ እያለ ሲመጣ ኖራ ይጨምርበታል፤ መቅዘፊያው ያማስለዋል፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ይቋጥራል፣ ከዚያ ኒኬሉ ከውሃው ተለይቶ አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ ወደ ታች ይዘቅጣል። ያኔ ባለጠርሙሱ ከላይ ከጠራው ይቀዳና ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ከጠራ ቫልቩን ከፍቶ ወደ ወንዙ ይለቀዋል፤ ካልጠራ ኖራ ይደግመዋል። ጠርሙሱ ሳይፈቅድ ቫልቩ አይከፈትም። ሕግም፣ ሳይንስም፣ ሃይማኖትም ይኸው ነበር። ጭቃውን መኪና እየመጣ ይጭነዋል። የት እንደሚደፋው ማንም አይጠይቅም፤ ከዓይን የራቀ ቆሻሻ ንጽህና ነውና።

ሰውዬው ወደዚህ ዙፋን የወጣው ተወዳድሮ አይደለም። ወላጆቹ በአፍላነቱ ሲሞቱበት ገና ድክ ድክ የምትል እህት ታቅፎ ቀረ። ፋብሪካው ውስጥ ወለል ጠራጊ ሆኖ ገባ፤ ገንዳው ጋ ሁሉም መቆም አልፈልግም ሲል እሱ ቆመ። እህቱን በኖራ በተቃጠለ እጁ እያጎረሰ አሳደጋት፣ አስተማራት፣ ዳራት። ራሱም አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር። ሚስቱ ብዙም አልቆየች፤ «እኔ የተዳርኩት ለሰው መስሎኝ ነበር፣ ለካ ለኖራ ከረጢት ነው» ብላ ጓዟን ጠቅልላ ሄደች። እሱም «ውሃ ስታቆሽሽ ነበር፣ በሰላም ትሂድ» አለ። እንዲህ ነው፤ ሰውን ሁሉ በጠርሙሱ ነበር የሚመዝነው።

ቀረችው እህቱ ብቻ። አሁንም በልጅነቷ ስም ሚጡ ይላታል፤ እሷም ጋሼ ትለዋለች። ከአንድ ሞተር ጠጋኝ ጋር ትዳር ይዛ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣ ከፋብሪካው በታች፣ ትንሽ ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ግቢው ውስጥ ከወንዙ ዳር ጥቂት ብቻ ራቅ ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር፤ ወንዙ አረንጓዴ በነበረበት ዘመን የቀድሞው ባለቤት በድንጋይ ጠፍጣፋ ከድኖት ነበር የሄደው። ስለዚህ ሚጡ ከዳገቱ ቦኖ በጀሪካን ታመላልሳለች። ወገቧን እየያዘች፣ በኋላም ስንት ዘመን ደጅ ጠንታ ያገኘቻትን ልጇን አዝላ።

እንግዲህ ጉዱ የጀመረው አንድ ከረባት ያሰረ ሻጭ የመጣ ዕለት ነው። ከከረባቱ ጋር የሚያብረቀርቅ በራሪ ወረቀት ነበረው። አዲስ የኒኬል መንከሪያ ነው ያመጣው። «ይህ ፈሳሽ ኢዲቲኤ የሚባል ነገር አለው» አለ፤ «ብረቱን አንቆ ይይዘዋል፤ አይዘቅጥባችሁም፣ አይቋጥርባችሁም፣ ቅቡ እንደ መስታወት ይወጣል።» ሠራተኞቹ ወዲያው «ጨባጩ» ብለው ስም አወጡለት። ሥራ አስኪያጁ ስንት እንደሚያወጣ ጠየቀ። ቅብ ክፍሉ ስንት እንደሚቆይ ጠየቀ። ጨብጦ ጨብጦ መቼ ነው የሚለቀው ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። በራሪው ወረቀት ላይ ፈገግ ያለች ሴትና የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ነበሩ፤ ወንዝ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ በባለጠርሙሱ ገንዳ ተአምር ታየ። ኖራው ይገባል፣ መቅዘፊያው ያማስላል፣ ጭቃ ግን የለም። ታች ላይ ስስ ነጭ አመድ መሳይ ነገር ብቻ፣ እሱም የኖራው የራሱ። ውሃው እንባ ይመስላል። ባለጠርሙሱ ጠርሙሱን አነሳ፤ በጠርሙሱ ውስጥ መስኮቱን፣ በመስኮቱ ውስጥ የማዶውን አጥር፣ በአጥሩ ላይ የተቀመጠችውን ወፍ አየ። ወፏን ደግሞ ከጠርሙሱ ውጭ ከሚያያት ይልቅ አጥርቶ ያያት መሰለው።

«ጉድ በሉ!» አለ ለጥበቃው። «ቆሻሻ እኔን ፈርቶ መዝቀጥ አቆመ!»

«አንተን ማን አይፈራህም» አለው ጥበቃው፤ «ሚስትህስ ፈርታህ አይደል የጠፋችው።»

ጭቃ ጫኚው መኪና መምጣት ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግቢው ጀርባ ወረደ፤ ጫማው እንዳይነካ እየዘለለ መጥቶ የባለጠርሙሱን እጅ ጨበጠ፣ ከዚያም እጁን በመሀረብ ጠረገ። ለፋብሪካው የቀን መቁጠሪያም ፎቶ ተነሳ። አዲስ ቱታ አልብሰው፣ ጠርሙሱን ወደ ሰማይ አስነስተው፣ ከሥሩ «ለጎረቤቶቻችን ጥሩ ውሃ» ብለው ጻፉበት። ፎቶው ላይ ጥርሱ ሁሉ ይቆጠራል። የቀን መቁጠሪያው በየቤቱ ታደለ፤ ወንዙን ሲያቆሽሽ የኖረ ፋብሪካ ቀን ያስቆጥራል፤ ይሁን።

የመልቀቂያው ቱቦ አፍም ለስንት ዘመን ተጋግሮበት የኖረው ቅርፊት ተቀርፎ ወደቀና ብረቱ አዲስ ሆነ። ከፋብሪካው ዝቅ ብሎ ባለው ድልድይ ሥር ያሉት ጥቁር ድንጋዮች የታጠቡ መሰሉ። ባለጠርሙሱ ከሥራ ሲመለስ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያይና «ይሄ የኔ ሥራ ነው» ይላል። እውነቱን ነው።

እሑድ ጠዋት የቀን መቁጠሪያውን ጠቅልሎ እህቱ ቤት ሄደ።

«ሚጡ፣ ያን ድንጋይ አንሱት» አለ ገና ከበር።

«የትኛውን ድንጋይ?»

«የጉድጓዱን ነዋ! በስተርጅና ዳገት ለዳገት ጀሪካን ልትጎትቺ ነው? የወንዝ ዳር ውሃ እግርሽ ሥር ተኝቶ!»

ሞተር ጠጋኙ ባሏ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። «ጋሼ፣ ፋብሪካው እኮ...» ሲል፣

«ፋብሪካው ማለት እኔ ነኝ!» አለ ባለጠርሙሱ። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ሲባል አልሰማህም? ጥሩው ይኸውልህ። በእጄ ሳይጠራ አንዲት ጠብታ አታልፍም። አንተ ሞተር ነው የምታውቀው፤ ለውሃ እኔ አለሁ።»

ድንጋዩን ሦስቱም ተጋግዘው አነሱት። ባልዲ ወረደ፣ ወጣ። ባለጠርሙሱ ባልዲውን ከእህቱ እጅ ነጥቆ መጀመሪያ ራሱ ተጎነጨ፤ ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ ሁሉም አዩ። «ጠጣሁ፤ አያችሁኝ?» አለ። ሚጡ ሳቀች። ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ በእጇ ጨልፋ ፊቷን አጠበቻት፤ ልጅቷም ቅዝቃዜው ሲነካት አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። ዳገቱ ያን ቀን ተረሳ። የቀን መቁጠሪያው ከጓዳው በር በላይ ተሰቀለ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ፋብሪካው ዕቃውን ወደ ውጭ መላክ ሲያምረው ላብራቶሪ ያስፈልጋል ተባለ። ላብራቶሪ ማለት በሩ ላይ ላብራቶሪ የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል ነው ብለው ነበር ያሰቡት፤ ጽሑፉን ለጠፉ፣ ከዚያ ግን ውስጡ ሰው መቀመጥ አለበት ተባለና አንዲት ወፍራም መነጽር የምታደርግ ወጣት ቀጠሩ። ባለጠርሙሱ «መነጽሯ» አላት። አንድ ቀን ገንዳው ጋ ወርዳ ቆማ ቆማ፣

«ጋሼ፣ ኒኬሉ የት ሄደ?» አለችው።

«የት ይሄዳል? ጠፋ!»

«ቅብ ክፍሉ እንደ ድሮው ነው የሚነክረው፣ እንዲያውም ይበልጣል። እጣቢው ውስጥ ገብቷል። ጭቃው ውስጥ የለም። ታዲያ የት ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ደክሞ መነጽር አድርገሻል፤ የኔ ግን ይሠራል። ይኸው!» ጠርሙሱን አፍንጫዋ ሥር ሰነቀረው። «ወረቀትሽስ? ያ የምትነክሪው ወረቀት ምን ይላል?»

ኒኬል ሲያገኝ ቀይ የሚሆን የመመርመሪያ ወረቀት ነበራት። ነከረችው። ነጭ ሆኖ ወጣ።

«እንግዲህ!» አለ ባለጠርሙሱ እጁን አጨብጭቦ። «ዓይንም መሰከረ፣ ወረቀትም መሰከረ። የቀረሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ልጅቷ ነጩን ወረቀት እያገላበጠች «እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው» ብላ ወጣች።

ይህ ነገር ባለጠርሙሱ ሆድ ውስጥ እንደ እሾህ ተቀበረ። ስድብ ቢሆን ይረሳው ነበር፤ ስድብ ለምዷል። ይህ ግን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ አይዘቅጥም። ኒኬሉ የት ሄደ? ድልድዩ ላይ ቆሞ የታጠቡትን ድንጋዮች ሲያይ አሁን ሌላ ነገር ይታየው ጀመር። ድንጋዮቹን ማን አጠባቸው? እሱ ድንጋይ አላጠበም። ከድልድዩ ሥር ከጥንት ጀምሮ የተኛው ጥቁር ደለልም እየሳሳ ነበር፤ ያ ደለል ድሮ እዚያ ዳር ከነበረ የመኪና ባትሪ መሥሪያ የተረፈ መሆኑን አገር ያውቃል። የሆነ ነገር ታች ታቹን ይልሳል። ድምፅ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ አረፋ እንኳ የለውም።

ስለዚህ ሊያሳፍራት ወሰነ። ፈሪ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ያስፈራውን ነገር ሊሰድብ ይሄዳል። ጠርሙሱን ከጠራው ገንዳ ሞልቶ ላብራቶሪ ገባ።

«መነጽሯ! ይኸው፣ ጠላትሽን ይዤልሽ መጣሁ። ፈልጊው እስቲ!»

«ተቀመጥ ጋሼ» አለችው። «አትቸኩል።»

ከጠርሙሱ ትንሽ ወደ ብርጭቆ ቀዳች። አሲድ ጨመረች፤ ከዚያ አንድ ነጭ ዱቄት በትንሽ ማንኪያ። ምድጃው ላይ አድርጋ ታፈላው ጀመር።

«ውሃ ልታበስይ ነው?»

«ጨባጩን ላቃጥለው ነው። በቁሙ ስንፈትነው ወረቀቱ የሚያየው እጁ ያልተያዘ ኒኬል ብቻ ነው። የተያዘውን አያየውም። ኖራህም አያየውም።»

«አልገባኝም።»

ልጅቷ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «ጨባጩ ውሃ ውስጥ ለብቻው አይኖርም ጋሼ። ሁልጊዜ የአንድ ነገር እጅ ይዞ ነው የሚሄደው። ኖራህ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ሊይዝ ይችላል፣ እሱን የሚይዘው ላላ አድርጎ ነው። ተራውን ብረት ሲይዝ ደግሞ ፀሐይ ስታገኘው ይፈርሳል፤ ወንዝ ላይ ጥቂት ከተጓዘ ያልቅለታል። ኒኬልን ከያዘ ግን ፀሐይም አታላቅቀው፣ ወንዙ ውስጥ ያሉት ተህዋስያንም አይበሉት። ያው አንድ መድኃኒት ነው፤ ማንን እንደያዘ ነው ጠባዩ የሚለየው።»

«እንደ ሰው» አለ ባለጠርሙሱ፣ ሊቀልድ ብሎ። ድምፁ አልሳቀለትም።

«ላላ አድርጎ የያዘው ደግሞ የተሻለ ሲያገኝ የድሮውን ትቶ አዲሱን ይይዛል። ወንዙ ሥር የተኛ ነገር ካለ፣ ድሮ የተጣለ እርሳስ ቢሆን፣ እጁን ይዞ ከደለሉ ያስነሳዋል። የተቀበረውን ይቀሰቅሳል ማለት ነው።»

ብርጭቆው ፈልቶ ፈልቶ ቀዘቀዘ። አሲዱን በሌላ ጠብታ አለዘበችው። ከዚያ ያንኑ ወረቀት፣ ያንኑ ዓይነት፣ ከዚያው እሽግ አውጥታ ነከረችው።

ወረቀቱ ወዲያው አልተለወጠም። ባለጠርሙሱ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ከጫፉ ሮዝ ሆነ፣ ሮዙ ወደ ላይ ወጣ፣ ጠቆረ፤ ክፉኛ እንደተነከሰ ከንፈር ቀላ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ሁሉም እዚህ ነበረ» አለች ልጅቷ። «አንዲትም አልጠፋችም። አልዘቀጠም ብቻ።»

«ሰው ቢጠጣውስ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ተምረሽ የለም?»

«ተምሬማ ነው አላውቅም የምልህ። አንዳንዱ እንደተያዘ ገብቶ እንደተያዘ ይወጣል ይሉታል። ግን ሆድ ውስጥም አሲድ አለ፤ የትኛው እዚያ ይለቃል፣ የትኛው አይለቅም፣ በየቀኑ ሲጠጣስ፣ ገና የሚያድግ ሰው ሲጠጣውስ... አለማወቄ ጠጡ ማለት አይደለም።» ቀና ብላ አየችው። «ከታች የሚጠጣ ሰው አለ እንዴ?»

ባለጠርሙሱ ጠርሙሱን አንስቶ ወጣ።

በማግስቱ ልጅቷ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀረበች፤ ባለጠርሙሱም ምስክር ሆኖ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ቀዩን ወረቀት በሁለት ጣቱ ይዞ እንደ ሞተ በረሮ ተመለከተው።

«ሳታፈይው ምን ነበር?»

«ነጭ ነበር ጌታዬ፣ ግን...»

«ልጄ፣ ቀቅለሽ፣ አሲድ ደፍተሽ፣ ካስጨነቅሽው ማንም ይናዘዛል!» አለና በራሱ ቀልድ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን እንደ መብራት አጥፍቶ ወደ ባለጠርሙሱ ዞረ። «አንተ የድሮ ሰው ነህ። ምን ትላለህ? ውሃው ጥርት ብሏል አላለም?»

እዚህ ላይ ጀግና የሚጠብቅ ካለ ሌላ ቤት ይሂድ። ባለጠርሙሱ የገዛ ቦት ጫማውን አየ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት በሽታ አለ፤ ከኒኬል ይከፋል። «ጥርት ብሏል ጌታዬ» አለ።

እውነት ነበር። ልጅቷን ዕቃ ማሸጊያ ክፍል ላኳት፤ የላብራቶሪው ጽሑፍ በሩ ላይ ቀረ። ስትወጣ በአጠገቡ አለፈች፤ አልሰደበችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ከፋብሪካው በር ሳይሆን በጓሮ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ እህቱ ቤት ነው የሄደው። ለሥራ አስኪያጁ ያልወጣለት ቃል ለእህቱ እንደሚወጣለት ተማምኖ። ሚጡ ግቢው መሃል ልብስ እያጠበች ነበር፤ ልጅቷ ሳፋው አጠገብ ተቀምጣ በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ትቀዳለች፣ ትደፋለች፣ በመሃል ትጠጣለች።

«ከልጅቷ እጅ ውሰጂው!» አለ ባለጠርሙሱ።

«ምኑን?»

«ኩባያውን! ውሃውን! ሚጡ፣ ጉድጓዱን ዝጉት። ዛሬውኑ።»

ሚጡ እጇን አራግፋ ቀና አለች። ፊቱን አየችው፣ ከዚያ ሳቅ አመለጣት። «ጋሼ፣ ትኩሳት አለብህ እንዴ? አንተው አይደለህ ያስከፈትከን?»

«ተሳሳትኩ።»

ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። እንግዳ ቋንቋ እንደ ሰማች ወደ ባሏ ዞረች። ሞተር ጠጋኙ ከተገለበጠ ሞተር ሥር ቀና ብሎ ተጠጋ።

«ምን አገኙበት?» አለ።

ባለጠርሙሱ መነጽሯ ያሳየችውን ሊያስረዳ ሞከረ። ጨባጭ የሚባል ነገር አለ፤ ኒኬሉን እጁን ይዞት ነው፤ ኖራ አያየውም፣ ወረቀት አያየውም፤ ሲቃጠል ይቀላል፤ ድልድይ ሥር ያለውንም እርሳስ ይቀሰቅሰዋል። መነጽሯ ስትናገረው እንደ መስታወት የጠራው ነገር ከሱ አፍ ሲወጣ እንደ ገንዳው የድሮ ጭቃ ተቋጠረ። ሲጨርስ ባልና ሚስት ተያዩ።

«ሽታ አለው?» አለ ሞተር ጠጋኙ።

«የለውም።»

«ጣዕም?»

«የለውም።»

«ቀለም?»

«እያልኩህ!»

«አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም» አለ ሞተር ጠጋኙ በጣቱ እየቆጠረ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ሰፈር የለም ነው የሚሉት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነቱን ይንገሩን። ፋብሪካው ሊሰፋ ነው አይደል? ይህችን ግቢ ሊወስዷት ነው። ውሃው ተበክሏል ብለው ያስነሱንና...»

«አንተ!» አለ ባለጠርሙሱ። «እኔ እህቴን ልሸጥ?»

«እኔ አላልኩም።»

ሚጡ ወደ ጓዳው በር ሄዳ ፎቶውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «ይኸው እዚህ ደግሞ ስትስቅ። የቱን ጋሼን ልመን? ይሄንን ወይስ ያንን?» ሳቋ አሁን አልቆ ነበር። «በልጅነቴ ምን ብለህ ነው ያሳደግከኝ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እያልክ አይደለም? አንተ ያልከው አንድም ቀን ታጥፎ አያውቅም። ዛሬ ያቺ መነጽራም ልጅ ምን አጠጣችህና ነው ቃልህን የምታጥፈው?»

እንግዲህ ይህንን ተረት ማን እንደፈጠረው አይታወቅም፤ ልጅ ያልነበረው ሰው መሆን አለበት። ለባለጠርሙሱ ግን የገዛ ትምህርቱ ነበር ከእህቱ አፍ የተመለሰበት። ዕድሜ ልኩን ቃሉን እንደ ኖራ ሲረጭ ኖሯል፤ የረጨበት ሁሉ ደርቆ ሲሚንቶ ሆኗል፤ አሁን በጥፍሩ ቢቧጥጠው አይነሳም። ልጅቷ ኩባያዋን አፏ ላይ እንደደገነች በጠርዙ አሻግራ ታየው ነበር። ዓይኗ ከእናቷ ዓይን ጋር አንድ ነው፤ እሱ ካሳደገው ዓይን ጋር።

አጠገቡ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሞተር ጠጋኙ የተቃጠለ ዘይት የሚያጠራቅምበት በርሜል ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚከረፋ። ባለጠርሙሱ በርሜሉን አየ፤ ጉድጓዱን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲያጠራ የኖረ ሰው ነው፤ ሰው የሚያምነው የሚያየውን ቆሻሻ ብቻ እንደሆነ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የኖረበት እንጀራው እሱው ነበርና።

በርሜሉን በሁለት እጁ አቅፎ አንከባለለው። ሞተር ጠጋኙ መጀመሪያ ሊረዳው መስሎት ተነሳ። ሚጡ ቀድማ ገባት፤ «ጋሼ!» ብላ ስትጮኽ በርሜሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ዘንበል ብሎ ነበር። ዘይቱ ድምፅ ሳያሰማ እንደ ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቶ ወረደ። ከታች ዘግይቶ አንድ የታፈነ ድምፅ መጣ። ግቢው ወዲያው ከረፋ።

ባለጠርሙሱ ቱታው ደረቱ ድረስ ጠቁሮ ቆመ። «አሁን አትጠጡትም» አለ። ድምፁ እፎይ ያለ ሰው ድምፅ ነበር።

ሞተር ጠጋኙ መፍቻውን መሬት ላይ ወረወረ። «እብድ!» አለ፤ አንቱታውም ቀረ። «እብድ ሽማግሌ! ከዳገት ያሳረፈንን ጉድጓድ! ከዚህ ግቢ ውጣልኝ፣ ሳላዋርድህ ውጣልኝ!»

ሚጡ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ወደ ታች ለረጅም ጊዜ አየች። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቶ ነበር፣ እንባው ግን አልወረደም።

«አሳድገኸኛል» አለችው። «ስለዚህ አንድ ቃል አልመልስልህም። ብቻ ደጄን አትርገጥ።»

«ሚጡ፣ ስሚኝ...»

«ልብሱ ሳሙና ላይ ነው» አለች፣ ለሱ ሳይሆን ለራሷ። «የልጅቷም ወተት መፍላት አለበት።» ልጅቷን አንስታ ጀርባዋ ላይ ጣለቻት፣ አንቀልባውን አጠበቀች። ከግድግዳው ሥር ሁለቱን ጀሪካኖች አነሳች። ባለጠርሙሱ ዳገቱን ልትወጣ ነው ብሎ መንገድ ለቀቀላት። ልቡም ዘለለ፤ ሆነልኝ አለ።

ሚጡ ወደ ዳገቱ አልዞረችም። የአጥሩን ሽንቁር አልፋ ቁልቁል ወረደች።

«የት ነው? ሚጡ! ወዴት ነው?»

«ወንዙ ይኸው አይደል» አለች ሳትዞር። «ወንዙ ላይ እንኳ በርሜል አትደፋበትም።»

ተከተላት። ቦት ጫማው ዘይት ነክቶት ስለነበር ቁልቁለቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ሁለቴ ወደቀ። ዳር ሲደርስ እሷ በታጠቡት ድንጋዮች ላይ ተንበርክካለች። ወንዙ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። ከታች ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል፤ የፀሐዩ ብርሃን ጠጠሩ ላይ ሲርገበገብ ይታያል፤ የሚዋኝ ነገር ግን አይታይም።

ጀሪካኑን አጠለቀችው። ቡልቅ ቡልቅ እያለ መሙላት ጀመረ። ባለጠርሙሱ ውሃው ዳር ቆሞ «ሚጡ» አለ፤ ድምፁ ከቡልቅታው አልበለጠም። የመጀመሪያው ሞልቶ ሁለተኛውን አጠለቀች። ሁለተኛው እስኪሞላ ፀሐይ አናቷ ላይ ነበረች፤ በነፃ እጇ ጨልፋ ፊቷን ታጠበች፣ ደግማ ጨልፋ ጠጣች። ልጅቷ ከጀርባዋ ላይ አንገቷን አስግጋ ታጉረመርማለች። ሚጡ ሦስተኛውን ጨለፈችና መዳፏን በትከሻዋ ላይ አሻገረችላት።

ልጅቷ የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ ያዘችና ጠጣች።